የበጋ ጎማ

ከተማውን በሙሉ መንዳት ያስተማረች ሴት ናት፤ ባሏን ግን መሪ ማስጨበጥ አቅቷት ኖረች። አልሞከረችም አይባልም። አንዴ ሞክራ ሰውየው ማርሹን ከነሥሩ ሊነቅለው ምንም አልቀረው፤ ሳምንት ሙሉ ተኮራርፈው ከረሙና ነገሩ በዚያው ተዘጋ። "አንተ ልብስህን ስፋ" አለችው። እሱም ሰፋ። ልብስ ሰፊ ነው፤ ሱቁ ከግቢያቸው በር አጠገብ ያለችው ጠባብ ክፍል ናት፤ አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ ካውያ፣ አንድ መስታወት። እዚያ ተቀምጦ ሚስቱ ስትወጣና ስትገባ ማየት ይበቃዋል።

ግቢው ውስጥ የምትቆመው የስፖርት መኪና የእሷ ናት። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ከመሬት ዝቅ ያለች፣ ድሮ ቀይ የነበረች፣ አሁን ግን ኮፈኗን ፀሐይ የበላው አሮጌ መኪና። በሥራ ቀን በማሠልጠኛው መኪና ከተማሪ ጋር ስትንቀራፈፍ ትውልና፣ በዕረፍቷ ይህችን አውጥታ ከሐይቁ በላይ ባለው ጠመዝማዛ መንገድ ትለቃታለች። ገና ሳይጋቡ እሱን መጀመሪያ የወሰደችውም እዚያ ነበር። ፍሬን ያለ ይመስል በየኩርባው በቀኝ እግሩ ወለሉን ሲረግጥ አይታ፣ ሳቋን መቆጣጠር ቢያቅታት መኪናዋን ዳር አስይዛ አቆመች። "ከዛሬ ጀምሮ ስምህ ፍሬን ነው" አለችው። ይኸው ፍሬን እንደተባለ ፀጉሩ ሸበተ። እግሩ የሚያርፍበት ምንጣፍ ስንት ጊዜ ተበሳ መሰላችሁ! "ቀስ በይ፣ አንቺ ሴት!" እያለ ይረግጣል፤ ቤት ሲገቡ ደግሞ ቁራጭ ቆዳ ፈልጎ የበሳውን ራሱ ይጥፋል።

ሚስቱን በሽታ ሲይዛት ግን የሚረገጥ ወለል አልተገኘም። ሐኪሙ ልብስ ሰፊውን ብቻውን ኮሪደሩ ላይ ጠራውና፣ የሰው መውጫ መግቢያ ላይ፣ "ሚስትህ ብርዱ እስኪገባ የምትቆይ አይመስለኝም፣ አይዞህ" አለው። አይዞህ! እንዲህ ያለ ነገር ለታማሚ አይነገርም ተብሎ ነው ያደገው፤ ዋጠው። ለእሷ "ደምሽ አንሷል አሉ፣ ዕረፍት ብቻ ነው የሚያስፈልግሽ" አላት። "እሰይ፣ ይኼማ ቀላል ነው" አለችው እሷም።

ውሸት ደግሞ ሥራ አያጣም። ሚስቱ ከቀን ቀን እየከሳች ስትሄድ ልብሷ ሰፍቷት እንዳታውቅበት፣ ከቀትር በኋላ ሸለብ ሲያደርጋት ጠብቆ ቀሚሶቿን አንድ በአንድ ያወጣል። የድሮውን ስፌት ይተረትርና ጎንና ጎኑን ሰብሰብ አድርጎ፣ በዚያው ቀለም ክር መልሶ ይሰፋዋል። ጠዋት ስትለብሰው ልክክ ይላል። "አየሽ፣ ምንም አልከሳሽም" ይላታል። አንጀቱ እያረረ ይስቃል። ሰው ለሚወደው ሲል የማይሆነው ነገር የለም፤ ጅልም ይሆናል።

ሙቀቱ እንደገባ አንድ ጠዋት ከአልጋዋ ቀና ብላ፣ "ፍሬኔ፣ የመኪናዬን ጎማ አይተኸዋል?" አለችው።

"ምን ሆነ?"

"ጥርሱ አለ፣ ጎማው ግን አርጅቶ ተሰነጣጥቋል። በእሱ ኩርባ አይገባም። የበጋ ጎማ አስገባልኝ። አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ በደንብ ልንዳት።"

"የበጋ ምን ያደርግልሻል? ለብርዱም የሚሆነውን፣ የሁልጊዜውን እናድርገው እንጂ።"

"የበጋ አልኩህ እኮ፣ አንተ ሰውዬ።"

በማግስቱ ጎሚስታው መጣ። መንዳት ያስተማረችው እሷው ናት፤ እስከ ዛሬ ስሟን ሲጠሩበት ቀና ብሎ ይቀመጣል። መኪናዋን በክሪክ አንስቶ፣ በግንድ አስደግፎ፣ አራቱንም ጎማ ከነቸርኬው ፈትቶ ፒካፑ ላይ ጫነ። ልብስ ሰፊውን ጎኑ አስቀምጦ ወደ ሱቁ ወሰደው። ሱቁ ጎማ በጎማ ነው፤ እስከ ጣሪያው ተደራርቧል፤ ሽታው ራስ ያዞራል። ሁለት ጎማ እያንከባለለ አምጥቶ ፊቱ አቆመለት።

"ይኼ የበጋው ነው፣ ጋሼ" አለ። "መንገዱ ሲሞቅ አስፋልቱን ንክስ ነው የሚያደርገው። እትዬ ኩርባ ላይ የሚፈልጉት እሱን ነው። ብርድ ሲነካው ግን ድርቅ ብሎ እምቢ ይላል። ይኼኛው የሁልጊዜው ነው፤ ሙቀትም ብርድም ይችላል፣ ግን እንደ እትዬ ሲያጣድፉት ይሸሻል። ሁሉን እችላለሁ የሚል ሰው ያውቁ የለ? እንደሱ ነው።" ሳቀና እጁን በጨርቅ ጠረገ። "እንግዲህ አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ብርዱ ሲገባ መኪናዋን ይነዷታል ወይስ ትቆማለች?"

ልብስ ሰፊው ምን ብሎ ይመልስ? የበጋውን ካለ፣ በገዛ አፉ፣ በሰው ፊት፣ ሚስቴ ብርዱን አታይም ማለቱ ነው። ያን ሁሉ ቀሚስ ሰብስቦ የሸሸገውን ሞት ለጎማ ብሎ ሊጠራው ነው።

"ትነዳታለች!" ብሎ ጮኸ። "ለምን አትነዳትም? ምን ሆና ነው የማትነዳው?"

"ኧረ ጋሼ! እኔ ምን ወጣኝ?"

"የሁልጊዜውን አስገባ። ከጠየቀችህ ግን የበጋ ነው በላት።"

ጎሚስታው ጨርቁን ጣለ። "እትዬን? እሳቸውን በጎማ ልዋሽ? እኔ የለሁበትም። እርስዎ ይንገሯቸው፤ ባል ነዎት፣ ይምርዎት ይሆናል።"

ከሰዓት የሁልጊዜዎቹ ጎማዎች መኪናዋ ላይ ገቡ። እሷ ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ ወጣች። ጎንበስ ብላ የአዲሱን ጎማ ጥርስ በጣቷ ዳበሰችው፤ ጥርሱ ላይ የተቀረጹትን፣ የበጋ ጎማ ላይ የማይገኙትን ቀጫጭን መስመሮች አንድ ሁለቴ ሄደችባቸው።

"የበጋ ነው?"

"የበጋ ነው" አለ ልብስ ሰፊው።

ጎሚስታው ያልጠፋ ብሎን ፍለጋ መኪናው ሥር ገባ። እሷ አንዱን አየች፣ የሌላውን እግር አየች። "እሺ። ግባ፣ እንሂድ" አለች።

ድሮ እሱ የሰፋላትን የቆዳ ጓንት አጥልቃ መሪውን ያዘች። የከተማውን መውጫ እስኪያልፉ መልኳ ሁሉ ተመልሶ ነበር፤ ኮረዳ ሆና ነበር። የመጀመሪያው ኩርባ ላይ እንደ ልማዷ ገባችበት። ጎማው ጮኸ፣ የመኪናዋ ኋላ ወደ ውጭ ተንሸራተተ፤ ልብስ ሰፊው ወለሉን ረገጠ። ያኔ በዕድሜዋ አድርጋው የማታውቀውን አደረገች፤ ፍጥነቷን ቀነሰች። የቀሩትን ኩርባዎች ተማሪ እንደያዘች ቀስ እያለች አለፈቻቸው። ሐይቁ ቁልጭ ብሎ ከሚታይበት ቦታ ስትደርስ ዳር ይዛ ሞተሩን አጠፋች።

"ለምን ዋሸኸኝ?"

"ስለ ምኑ?"

"ከጎማው ጀምር እስቲ።"

ልብስ ሰፊው ፊቱን ወደ ሐይቁ አዞረ።

"ቀሚሶቼንም አውቃለሁ" አለች። "የአንተን ስፌት ላላውቅ ነው? ተኝቼ ነው የሚመስልህ? መቀስህ እንዳይጮህ ጨርቅ ላይ ስታሳርፈው ሁሉ እሰማሃለሁ።" እጇን ብታነሳ ጓንቱ ሳትስበው ወልቆ ጭኗ ላይ ወደቀ። "ጓንቱን ረሳኸው፣ ፍሬኔ።"

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ሲጠራ እንዲህ እንደሚያቃጥል ግን የሚነግር የለም። ልብስ ሰፊው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ እንደ ሕፃን አለቀሰ። "ሐኪሙ…" አለ፣ "ሐኪሙ ብርዱ…"

"አውቃለሁ። ለእኔ ነው መጀመሪያ የነገረኝ። ለባሌ እንዳትነግረው፣ አይችለውም ብዬ ለምኜው ነበር፤ አፉ አልችል ብሎት ነው።"

"አይችልም አልሽ?"

"ችለህ ነው ታዲያ? ጎማ መግዛት አቅቶህ!" እየሳቀች እንባዋ ወረደ። "በአፌ ልነግርህ አቃተኝ። የበጋውን ብቻ ነው የምፈልገው ስልህ ይገባዋል፣ አብረን እናለቅሳለን፣ ይወጣልናል ብዬ ነበር። አንተ ሄደህ የሁልጊዜ ገዛህ። አይ ፍሬኔ! ነገ ቀይርልኝ። አንድ ጊዜ በደንብ ልንዳትና ይብቃኝ።"

ቤት እንደገቡ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ጓንቱን ሰበሰበላት። በዚህ ጊዜ አልተደበቀም። እሷ ክሩን ያዘችለት።

በማግስቱ ጎሚስታው ምንም ሳይጠይቅ ጎማዎቹን ፈትቶ ወሰደ፤ የበጋዎቹን አስገብቶ መለሰ። ልብስ ሰፊው ሲገባ ሚስቱ ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ፣ ጫማዋን አጥልቃ፣ ጓንቷን አድርጋ ተቀምጣለች። እጇን ሰጠችው። ልትነሳ ሞከረች። ደግማ ሞከረች።

"እግሬ እምቢ አለ" አለች።

"ነገ እንሄዳለን። ዛሬ ደክሞሽ ነው።"

"ውሸት ጨርሰናል ብዬ ነበር" አለችው፤ በቁጣ አልነበረም።

ትናንት ትችል ነበር። ትናንት እግሯም እጇም ነበራት፤ ኩርባውን ግን እሱ ቀማት፤ ስለወደዳት፣ ስለፈራ፣ አንዲት ቃል ከአፉ ማውጣት አቅቶት ቀማት። "እኔ ነኝ" አላት፣ "እኔ ነኝ የበደልኩሽ፣ የኔ ዓለም።"

"ዝም በልና አንሳኝ።"

አቀፋት። ትከሻው ላይ ካፖርት የጣለ ያህል እንኳ አልከበደችውም። ግቢው ውስጥ፣ ከመሪው ኋላ አስቀመጣትና እሱ በቦታው፣ በስተቀኟ ገባ። ቁልፉን አዞረች፣ ሞተሩ ተነሳ። ፍሪሲዮኑን ልትረግጥ እግሯን ላከች፤ እግሯ አልደረሰላትም። ጎሚስታው የግቢውን በር ሊከፍት ሄዶ ነበር፤ ሳይከፍተው ፊቱን ወደ ግንቡ አዞረ።

ከፊታቸው ያለው የራሳቸው አጥር ነው። እሷ ግን ዓይኗን ከእሱ ባሻገር አሻግራ፣ "ከከተማው ወጣን" አለች። "ይኸው ሐይቁ። ዛሬ ጠርቶልናል። ያቺ ክፉዋ ኩርባ መጣች፣ ፍሬኔ።"

መሪውን ልታዞር ሞከረች፤ ከበዳት። እጁን ዘርግቶ በጓንቷ ላይ አድርጎ ያዘው። በዕድሜው አንዴ ብቻ የነካውን መሪ አብረው አዞሩት። እግሩ ሳያዘው ሄዶ ወለሉን፣ በገዛ እጁ የጣፈውን ቆዳ ረገጠ።

"ቀስ በይ" አላት። ዕድሜውን ሙሉ ሲቆጣባት የኖረበት ቃል ነው፤ አሁን ግን ይለምናታል። "ቀስ በይ እባክሽ። ቀስ በይ፣ አንቺ ሴት።"

"ያዘ!" አለች እየሳቀች፤ ራሷን ትከሻው ላይ ጣል አደረገች። "አየህ? ጎማው ያዘ።"

እሷ መቼ ቀስ ብላ ታውቅና።