ጨጓራ ነው አሉን

የልብስ ሰፊዋ ምራት እግሯን ከስፌት መኪናው ፔዳል ሳታነሳ ጎንበስ ብላ የቁርጥራጭ ጨርቅ ቅርጫት ውስጥ አስመለሰች። ልብስ ሰፊዋ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ቀና ብላ አየቻት። ከሰሞኑ የበላችው አይረጋላትም። ክሊኒክ ሄዳ ጨጓራ ነው ተብላ ኪኒን ይዛ ተመልሳለች።

"ይህችን ኮሌታ ልጨርስና ጋደም እላለሁ፣ እማማ።"

"ጋደም በይ። እኔም ያንቺን ባል አርግዤ እስክወልድ ድረስ ሳስመልስ ነው የኖርኩት። ይኸው ዛሬ በሬ አክሏል።"

ምራቷ ፈገግ ለማለት ሞከረችና ተወችው። ልብስ ሰፊዋ ያላት ይኸው አንድ ልጅ ነው። ሠርጉ ካለፈ ጀምሮ "ምነው ዝም አላችሁ?" ስትል ከርማ፣ የምራቷ ሆድ ሲገፋ ካየች ወዲህ ነው አፏ ያረፈው።

ምራቷ ውሃ ልትቀዳ ወደ መስኮቱ ሄደች። ጥሟ አልቆረጥ ብሏል። ብርሃኑ ፊቷ ላይ ሲያርፍ ልብስ ሰፊዋ መቀሷን አስቀመጠች።

"ነይ እስቲ፣ ዓይንሽን ልየው።"

የዓይኗ ነጭ ቢጫ ሆኗል። ልብስ ሰፊዋ ሱቁን ዘግታ ታክሲ አስቆመች።

ሆስፒታል የተቀበለቻቸው ሐኪም ረጋ ያለች ሴት ነበረች። ከቀኝ ጎድን አጥንቷ ሥር ስትጫናት ምራቷ ተሸማቀቀች። ለምርመራ ደም ቀዱላት። መርፌው የወጣበት ላይ ያረፈው ጥጥ ራሰ፤ ቀየሩት፤ እሱም ራሰ። ሐኪሟ ጥጡን አየት አድርጋ ነርሷን ላቦራቶሪውን እንድታስቸኩል ላከቻት። ውጤቱ ሲመጣ ልብስ ሰፊዋን ወደ ኮሪደሩ ጠራቻት።

"የወፍ በሽታ ነው አይደል?" አለች ልብስ ሰፊዋ።

"እኛም ጠርጥረን ነበር፤ የጉበት ቫይረሱ ግን የለባትም። ስኳሯ በጣም ወርዷል፣ ደሟም አልረጋ ብሏል። ጉበቷ በስብ ተሞልቷል።"

"ስብ? እሷ? ነፋስ የሚወስዳት ልጅ?"

"ከውፍረት ጋር አይገናኝም፣ እናቴ። በእርግዝና መጨረሻ አልፎ አልፎ የሚመጣ በሽታ ነው። ሲጀምር ጨጓራ ይመስላል፤ ለዚህ ነው የሚያታልለው። ልጁ ካልወጣ ጉበቷ አያገግምም።"

"ወሯ እኮ አልገባም። ትንሽ ብንታገስ ልጁ አይጠነክርም?"

"ከታገስን ሁለቱንም እናጣለን።"

ምራቷ አልጋው ላይ ሆና ስለ ኮሌታ ትቀባዥራለች፤ የምትጠየቅበት አእምሮ አልነበራትም። ልብስ ሰፊዋ ልጇ ዘንድ ደወለች። የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ሩቅ አገር ነበር። ሐኪሟ ስልኩን ተቀብላ አስረዳችው፤ መልሳ ሰጠቻት።

"እማ፣ ያውጡት በያቸው። እሷን ያትርፉልኝ።"

ስልኩ ከተዘጋ በኋላም ከጆሮዋ አላነሳችውም። ልጇ ቅድሚያ ሚስቱን ነበር ያለው። እሷ ግን ቅድም ያሰበችው ሊወለድ ያለውን ልጅ ነው። ያን ለማንም አልተናገረችም።

ሕፃኑ ወንድ ነበር። ሳያለቅስ ወጣ፤ በማግስቱ ሳይነጋ አረፈ። እናቱ ብዙ ደም ፈሷት፣ ብዙ ደም ተሰጣት። መሣሪያ ተገጥሞላት ሰነበተች። ነፍስ ስትዘራ ሹፌሩ ደርሶ ነበርና የልጁን ነገር እሱ ነገራት። ከክፍሉ ሲወጣ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ።

ከሆስፒታሉ ሲያሰናብቷቸው ሐኪሟ ሦስቱንም አስቀምጣ፣ በሽታው በሚቀጥለው እርግዝና ሊመለስ እንደሚችል፣ ሌላ ልጅ ቢያስቡም አስቀድመው እንዲያማክሯት ነገረቻቸው።

ቤት ሊጠይቁ የመጡት ክፍሏን ሞሉት። የልብስ ሰፊዋ ታላቅ እህት አንገቷን ነቀነቀች።

"አይዞሽ፣ ገና ወጣት ናት። ለከርሞ መንታ ይስጣችሁ።"

"አሜን" አሉ እንግዶቹ። ምራቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ባሏ ጫማውን ያያል። ሁሉም ልብስ ሰፊዋን ጠበቋት፤ የልጅ ልጅ ናፍቆቷን የማያውቅ አልነበረም።

"እኔስ አሜን አልልም፣ እትዬ" አለች።

"ምነው? ምርቃት እኮ ነው።"

"ነው። መውለድ አለመውለዱን እነሱ ይምከሩበት። እኔ እንደሆነ ልጅ አለችኝ።"

ወንበሯን ከእንግዶቹ ወደ ምራቷ አልጋ አዙራ ተቀመጠች።