ያልታመመው መንጋጋ

ለሐዘንተኞችና ለጎረቤት ሁሉ፤ የቆሎው ሳህን ዛሬም ደሳለው ፊት ደርሶ፣ አንዲት ፍሬ ሳይነሳበት፣ በሙሉ ክብር ማለፉን እናስታውቃለን።

«ጾም ይዞ ነው እንዴ?» አለ ካርታ የሚጫወተው ጎልማሳ፣ ጎረቤቱን በክርኑ ጎሸም አድርጎ።

«ቆሎ የሚያፈርሰው ጾም የት አየህ? ዝም ብለህ ጣል!»

«እኮ ማነው? ትናንት እዚሁ ድንኳን አደረ። የሩቅ ሰው አያድርም።»

ደሳለው ሰምቷል። ቆሎውን ያሳለፈው ማኘኪያ ስለሌለው ነው። መንጋጋዎቹ ተራ በተራ ተነቅለው አልቀዋል፤ ያስጨረሰችው ደግሞ ጠረጴዛው ላይ፣ ፎቶ ውስጥ ሆና ትስቃለች። ወንጌላዊት። ማታ ራሴን አመመኝ ብላ ተኝታ፣ ጠዋት አልተነሳችም።

ወንጌላዊት በመንግሥት ሠራተኞች የጤናና የጥርስ መድን ማኅበር፣ በኮምቦልቻው ቅርንጫፍ፣ የጥርስ መስኮት ላይ ነበረች። ማኅበሩ ለትርፍ የቆመ አይደለም። ደሳለውም እዚያ መስኮት ላይ ለትርፍ ቆሞ አያውቅም። ደሴ፣ ሆጤ ነው የሚኖረው፤ መዝገብ ቤት ነው የሚሠራው። በሩ ላይ ቆሞ ቢያስነጥስ «ይማርህ» የሚለው ቅርብ ቅርንጫፍ ደሴም አለ። እሱ ግን በብርዱ ካፖርቱን ደርቦ ሚኒባስ ይሳፈርና፣ ኮምቦልቻ ሲደርስ ካፖርቱን ክንዱ ላይ አጣጥፎ፣ ላቡን እየጠረገ፣ የእሷን ወረፋ ይይዛል።

የመጀመሪያው ጥርስ የምር አሞት ነበር። በማኅበሩ ደንብ፣ የመስኮቷ ሠራተኛ የሚነቀለውን ጥርስ አስቀድማ፣ ከተነቀለ በኋላም ክፍተቱን፣ በዓይኗ ማየት አለባት። ደንቡ የወጣው አንድ አባል በአንድ ዓመት አርባ ጥርስ አስነቅያለሁ ብሎ ሒሳብ ካቀረበ ወዲህ ነው ይባላል።

«አፍዎን ይክፈቱ። ወደ እኔ ዞር ይበሉ» አለችው ያኔ፣ የስልኳን መብራት አብርታ። ትንፋሿ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይላል። አገጩን በሁለት ጣቷ ቀና አደረገችው። በሁለተኛው ጥርስ «ይክፈቱ» ቀርቶ «ክፈት» ሆነ። ደሳለው ቁልቁለቱን ሲወርድ ያን «ክፈት» በማሰብ ብቻ ጉንጩ ይሞቀዋል።

መንገዱን ሙሉ ንግግር ያጠናል። ስሜ ደሳለው ነው፣ እሱን ታውቂዋለሽ፣ የማታውቂው ደግሞ እያለ። ግን አፉን ከፍቶ የተቀመጠ ሰው እንዴት ብሎ ይናገር? ከ«አአ» በላይ አይወጣውም። «በቃ፣ ዝጋ» ስትለው ደግሞ ያጠናውም አብሮ ይዘጋል። ከኋላው ያለው ሰው «ጨረስክ?» ይለዋል።

ጊዜ ሲሄድ የሚያም ጥርስ አለቀ። ከሳምንት በፊት አንድ ጤነኛ መንጋጋ ብቻ ቀርቶት ነበር፤ እንቅልፍ ነሳኝ ብሎ እሱንም ይዞ ሄደ። ወንጌላዊት ያን ቀን መብራቱን ይዛ ቆየች።

«ይሄ ነው የሚያምህ?»

«አአ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«አአ።»

መብራቱን አጠፋች። ቀና ብላ ሳታየው የማስነቀያ ፈቃዱ ላይ ማኅተሙን ቀስ አድርጋ መታችለት።

አሁን ድንኳኑ ውስጥ፣ ከእሷ ቀጥሎ ያለው መስኮት ላይ የምትሠራው ራቢያ ሻሿን እያስተካከለች መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ደሳለው፣ አላህ ያጽናህ» አለችው። በስሙ ጠርቶ ያጽናናው ሰው እስካሁን አልነበረም።

«አሚን፣ ራቢያ።»

«ታውቅ ነበር እኮ፣ ወላሂ።»

«ምኑን?»

«የመጨረሻው ጤነኛ መሆኑን። አንተ ስትወጣ ወደ እኔ ዞራ፣ ‹ራቢያ፣ ይሄ ሰው ጥርሱ ሳያልቅ ይናገር ይሆን?› አለችኝ። ሳቅኩባት። ‹አፉን ከምታስከፍቺው ሻይ ጋብዢውና ዘግቶ ይቀመጥ› አልኳት።»

«ምን አለች?»

ራቢያ የሻሿን ጫፍ ዓይኗ ላይ አደረገች። «‹ክፍተቱን ሊያሳየኝ ሲመጣ› አለች።»

ክፍተቱን ሊያሳያት የሄደ ቀን መስኮቷ ተዘግቶ ነበር። በመስታወቱ ላይ የተለጠፈው የሞቷ ማስታወቂያ ነው እዚህ ያደረሰው።

የደሳለው እንባ ገና ሳይደርቅ የቅርንጫፉ ኃላፊ ሠራተኞቹን አስከትሎ ገባ። ኃላፊው ዓይኑን አዟዙሮ ከሁሉም ይልቅ ዓይኑ የቀላውን ሰው መረጠ፤ እጁን ጨብጦ «እግዚአብሔር ያጽናህ ወንድሜ። ማኅበራችን ትልቅ ሰው አጣ» አለው። ደሳለው ዘመድ አይደለሁም ማለት ነበረበት። ተነሥቶ በሁለት እጁ ተቀበለው። ከኃላፊው ኋላ ቢሮው በሙሉ ተሰለፈ፤ አንድ በአንድ አጽናኑት፤ አንድ በአንድ ተቀበለ። አፍሮም፣ ደስ ብሎትም።

የወንጌላዊት ወንድም አግማስ ከፋብሪካ ቱታው ጋር በር ላይ ቆሞ የእህቱ ሐዘን ለማያውቀው ሰው ሲታደል አየ።

«የቢሮ ሰው መስለኸኝ ነበር» አለው ቀርቦ። «ቢሮው አንተን ካጽናና ማነህ ታዲያ? ነገ ከሠልስት ስንመለስ እንነጋገራለን።»

ደሳለው ሌሊቱን አሰበው። ቢናገር፣ እያወቀች ጤነኛ ጥርስ በማኅበሩ ሒሳብ ያስነቀለች ትባላለች። ከደጋን እስከ ደሴ ይሳቅባታል፤ እናቷም ይሰማሉ። ውሸት ቢናገር ደግሞ በመካከላቸው የነበረችው ትንሿ ነገር ራሷ ትጠፋለች።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ የእድሩ ሰዎች ገመዱን መፍታት ጀምረው ነበር። ማዶ ሌላ ለቅሶ አለ፤ ድንኳኑ ይፈለጋል። ካስማው ሁሉ ተነቅሎ ሸራው በመሀለኛው ምሰሶ ላይ ብቻ ቀረ። ምሰሶውን የያዘው ደሳለው ነው።

«ልቀቀው እንጂ ልጄ» አሉ የእድሩ ዳኛ ጋሽ ሸዋዓለም።

«ትንሽ ይቆይ፣ ጋሼ።»

«ምን ይሁን ብሎ ይቆያል?»

አግማስ መጥቶ ምሰሶውን በወዲያኛው በኩል ያዘ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለእህቴ ምኗ ነህ? ለእኔ ብቻ ንገረኝ።»

ደሳለው ምሰሶውን በሁለት ክንዱ አቀፈው። ሸራው ቀስ እያለ ትከሻው ላይ ወረደ።

«አልናገርም» አለ።