በሩን እንዳትቆልፊው

የደነገጥኩት ጓደኛዬ እምነት ብርቱካን ልጣ ስታጎርሰኝ ነው። ከምንኖርባት የአሜሪካ ከተማ ከኦሮራ አብረን የመጣን አምስት ሴቶች ነን፤ እሷና እኔ በአሥራ ሁለት ዓመት ጓደኝነታችን ሳንጨቃጨቅ የዋልንበት ቀን የለም። ዛሬ ግን ጠዋት "ክሩዝ ላይ ስልክ ምን ያደርግልሻል? ሪላክስ አድርጊ!" ብላ ስልኬን ከነጠቀችኝ ወዲህ ያልኩትን ሁሉ እሺ ትላለች።

የመዝናኛ መርከቡ ዛሬ ቀኑን ሙሉ የትም አይቆምም። ባሕሩ ዘይት የፈሰሰበት ይመስል ጸጥ ብሏል፤ ወፍ እንኳ የለም። መዋኛው ዳር ጋደም ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው አራቱም ከበውኝ ቆመው ያዩኛል።

"ምን ሆናችኋል?"

"ምንም! ምሳ እንብላ" አሉ በአንድ ድምፅ።

ሳህኔን እስኪፈስ ሞሉት።

"ብዙነህ ደወለ እንዴ?" አልኩ። ባለቤቴ ነው። አንዷ ጓደኛችን ፀሐይ ውሃ ላምጣ ብላ ተነስታ ሄደች። ውሃው ጠረጴዛው ላይ ነበር።

"ነገ በማለዳ ሁላችንም ክፍልሽ እንመጣለን" አለች እምነት፣ ዓይኔን ሳታይ። "በሩን እንዳትቆልፊው።"

እኔን ነው የሚያታልሉት? መርዶ ለመንገር እኛ ሰፈር ፒዮሪያ ስትሪት ላይ ስንት የሐበሻ በር በማለዳ አንኳኩቻለሁ! መርዶ የሚነገረው ሰው በዋዜማው ጠግቦ እንዲያድር የማባብለውም እኔው ነኝ።

"ማነው?" ልላቸው አፌን ከፈትኩ። ግን እስኪነግሩኝ ድረስ ብዙነህም አለ፣ ልጆቼም አሉ፣ እናቴም አለች።

"ጨምሩልኝ" አልኩና ሳህኔን ዘረጋሁ።