መተኮስ ብቻ ነው የቀረው

ልብስ ሰፊ ሁሉ ይዋሻል፤ ጋሽ ሜትሬ ግን ሲዋሽ ያምርበት ነበር። ጨርቁ ገና ከጥቅሉ ሳይፈታ የደንበኛውን እግር ደረጃው ላይ ከሰማ፣ ካውያውን ብድግ አድርጎ በባዶው ጠረጴዛ ላይ ወዲያ ወዲህ እያንሸራተተ፣ «አልቋል እኮ! መተኮስ ብቻ ነው የቀረው፤ ነገ ይምጡ» ይላል። ካውያው ሶኬት ላይ እንኳን አልተሰካም። ደንበኛው ውሸቱን ያውቃል፤ ግን ነገም ይመጣል፣ ከነገ ወዲያም ይመጣል፤ ምክንያቱም ዘግይቶም ቢሆን የሚሰጠው ሱሪ ወገብ ላይ ልክክ የሚል ነው። ጋሽ ሜትሬ ሠላሳ አንድ ዓመት ሰው ሲለካ የኖረ ነው። የመለኪያ ሜትሩን ለሠርግም ለለቅሶም ከአንገቱ አያወርድም፤ ቅጽል ስሙም የወጣለት ከዚያ ነው። እውነተኛ ስሙን የሚያውቁት ሚስቱና መታወቂያው ብቻ ናቸው።

ሱቁ በአንድ አሮጌ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ ጥጉ የደበዘዘ መስታወት፣ ልብስ የሚለካበት አንድ መጋረጃ አለው። በበሩ በኩል ያለው መኪና የሱ ነው፤ በመስኮቱ በኩል ያለው የሚስቱ። እሱ ይለካል፣ ይቆርጣል፣ ይዋሻል፤ እሷ ኮሌታ ትሰፋለች፣ የቁልፍ ቀዳዳ ትጠልፋለች፣ ሲዋሽ በመነጽሯ ላይ አሻግራ ታየዋለች። የሚኖሩት በአቅራቢያቸው ካለው ትምህርት ቤት ዩኒፎርም ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሰፍተውለታል።

አንድ ቅዳሜ አዲሷ ርዕሰ መምህርት ደረጃውን ወጥታ መጣች።

«ወላጆች እዚህ ደረጃ ላይ መሰለፍ ሰልችቷቸዋል» አለች። «የልጃቸውን ልክ በኢንተርኔት የሚልኩበት፣ ሥራው የት እንደደረሰም የሚያዩበት ድረ ገጽ ያለው ሰፊ ነው የምንፈልገው። እናንተ አላችሁ?»

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

«አለን እንጂ!» አለ ጋሽ ሜትሬ። «አልቋል እኮ። መተኮስ ብቻ ነው የቀረው።»

«ድረ ገጽ ይተኮሳል?»

«በኛ ቤት የማይተኮስ ነገር አይወጣም።»

«እንግዲያው የዛሬ ሁለት ሳምንት መጥቼ አየዋለሁ። ከሌለ ሥራውን ለሌላ ሱቅ እሰጣለሁ» ብላ ወረደች።

የሚስቱ መኪና ቆመ። «አንተ ሰውዬ፣ ድረ ገጽ ምን እንደሆነ ታውቃለህ?»

«ገጽ ነው፤ ምን ይከብዳል?»

«ወንድሜ ቦታ ይዞልሃል፤ ታውቃለህ አይደል?»

ያውቃል። የዩኒፎርሙ ሥራ ከሄደ ሱቁ ይዘጋል፤ ሱቁ ከተዘጋ የሚስቱ ወንድም የድንኳን ፋብሪካ ይጠብቀዋል። ድንኳን! ወገብ የለው፣ ትከሻ የለው፣ እጅጌ የለው። ድንኳን ለብሶ መስታወት ፊት እየተሽከረከረ «ጀርባዬ ላይ አላጠረም?» የሚል ሰው የለም።

ስለዚህ ልጃቸው ስታገባ ጥላው የሄደችውን ኮምፒውተር አቧራውን አራግፎ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። ከፊደሎቹ አንዱ ወልቆ ስለነበር ሚስቱ የሸሚዝ ቁልፍ ለጠፈችበት። ከዚያም ድረ ገጽ መሥራት ለጀማሪ በሃያ ትምህርት የሚያስተምር ቪዲዮ ተገኘ። አስተማሪው በየሁለት ዓረፍተ ነገሩ «በጣም ቀላል ነው» የሚል ጎረምሳ ነው። ጋሽ ሜትሬ የመጀመሪያውን ትምህርት ሁለት ጊዜ ማየት ግድ ሆነበት፤ በመጀመሪያው ዙር የልጁ ሸሚዝ የቀኝ ትከሻ መውረዱን እያየ ሲበሳጭ አንድም ቃል አልሰማም።

በሁለተኛው ቀን የጻፈው ቃል ስክሪኑ ላይ ታየ። በደስታ እስከ ምድር ቤት ወርዶ ጫማ ሠሪውን በእጁ እየጎተተ አመጣው።

«ምን ይላል?» አለ ጫማ ሠሪው፣ መዶሻውን እንደያዘ።

«ሰላም ይላል።»

«ለማን?»

«ለዓለም ሁሉ!»

«ዓለም መለሰ?»

ዓለም አልመለሰም፤ ጋሽ ሜትሬ ግን ገፋበት። ችግሩ ልማድ ነው። ልብስ ሲበላሽበት ከላይ እስከ ታች ተርትሮ እንደገና የሚሰፋ ሰው ስለሆነ፣ አንድ ምልክት ረስቶ ፊደሉ ሁሉ ሲወፍርበት ስህተቱን ከመፈለግ ይልቅ ሙሉውን አጥፍቶ ከ«ሰላም» ይጀምራል። እንዲህ እያለ አራት ጊዜ ዓለምን ሰላም አለ። በአራተኛው ሚስቱ ከመኪናዋ ሳትነሳ፣ «ለአንዲት ክር ብለህ ካፖርት ሙሉ ትተረትራለህ? መጨረሻውን መስመር አልዘጋኸውም» አለችው። አየው፤ አልተዘጋም። ዘጋው፤ ተስተካከለ። እሷ ይህን ከየት እንዳወቀች መጠየቅ ነበረበት፤ አልጠየቀም።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ በሳምንቱ ስምንተኛው ትምህርት ላይ ደረሰ። ትምህርቱ ስለ ወርድና ቁመት ነበር። ጋሽ ሜትሬ ተቁነጠነጠ። ሜትሩን ከአንገቱ መዞ ስክሪኑን ለካ፤ ወርዱ ሠላሳ አራት ተኩል። ቁጥሩን ከነሳንቲሜትሩ ጻፈው። ኮምፒውተሩ ተቀበለው!

«ሳንቲሜትር ያውቃል!» ብሎ ጮኸ። «የኛው ሰው ነው!»

አሥር ሳንቲሜትር የሆነ ሳጥን ሠርቶ ሲለካው ስምንት ተኩል ሆነ። ሌላ ሰው ቢሆን ግራ ይጋባ ነበር። እሱ ግን ሳቀ። «ሲታጠብ የሚገባ ጨርቅ ነው» አለና የሚገባውን አስልቶ ጨመረበት፤ ወደፊት ማስፋት ቢያስፈልግ ብሎም በግራና በቀኝ ሁለት ሁለት ሳንቲሜትር ለስፌት ተወ። የዩኒፎርሙን ኮት ፎቶ ከጥግ እስከ ጥግ ዘረጋው። ግራ እጅጌው የስክሪኑን ግራ ጠርዝ፣ ቀኝ እጅጌው ቀኙን ነካ። ልክክ! እዚያው ላይ ትምህርቱን ዘጋ። ልክ ካወቁ በኋላ ምን ቀረ? የቀሩትን አሥራ ሁለት ትምህርቶች ሚስቱ ስልኳን ከመኪናዋ ጎን አቁማ፣ የቁልፍ ቀዳዳ እየጠለፈች ትሰማቸው ጀመር። «ሬዲዮ ሰለቸኝ» አለች።

በአሥረኛው ቀን ገጹ ኢንተርኔት ላይ ወጣ። መጀመሪያ በስልኩ የከፈተው ጫማ ሠሪው ነው። ስክሪኑን ገለባብጦ አየና፣ «ሜትሬ» አለ፣ «የምትሸጠው ግራ እጅጌ ብቻ ነው?»

እውነትም ግራ እጅጌ ብቻ ነበር። ከላዩ «እንኳን ደ» ይላል። የቀረው ሰላምታና የቀረው ኮት ከስልኩ ጠርዝ ውጭ የት እንደገባ አይታወቅም።

ጋሽ ሜትሬ አልደነገጠም። ልብስ ለአንዱ ሆኖ ለሌላው ሳይሆን ሲቀር ምን እንደሚደረግ ከእርሱ በላይ ማን ያውቃል? ሜትሩን መዘዘ። «ስልክህን ዘርጋ» አለ። ለካ፤ ደብተሩ ላይ ጻፈ፤ በማግስቱ ለጫማ ሠሪው ስልክ ብቻ የሚሆን ገጽ ሠርቶ ሰጠው። ሁለቱም እጅጌ ገባ።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ከዚያ በኋላ የመጣው ወላጅ ሁሉ ስልኩን እየዘረጋ ተለካ። ስልኳን ወፍራም ሽፋን ያለበሰችውን እናት፣ «ያውልቁት እንጂ፤ ካፖርት እንደለበሰ አይለካም» አላት። አንዲት ተማሪ የራሷን ሚጢጢ ስልክ ስታመጣ፣ «ታድጋለችና ትንሽ ሰፋ አድርጌዋለሁ» አለ። የድረ ገጹ መግቢያ እያንዳንዱ ሰው የራሱን እየፈለገ የሚጫንበት ዝርዝር ሆነ፤ «የጫማ ሠሪው»፣ «የባለ ሽፋኗ እናት»፣ «ጥጉ የተሰነጠቀው»፣ «የምታድገዋ»። ዓርብ ዕለት ሠላሳ አንድ ገጽ ደርሶ ነበር፤ ደረጃውም ስልክ በያዙ ወላጆች እስከ ምድር ቤት ሞልቶ ነበር። «ሰልፍ ለማስቀረት የምንሰለፈው እስከ መቼ ነው?» አለ ከታች አንድ አባት።

ሚስቱ መኪናዋን አቆመች። «ላስቲክ አድርግበት።»

ይህ ቃል በዚህ ሱቅ ውስጥ የሃያ ዓመት ጠብ ነው። እሷ፣ ልጅ ይወፍራል ይከሳል፣ የልጆች ሱሪ ወገቡ ላስቲክ ይሁን ትላለች፤ እሱ፣ ላስቲክ መለካት ያቃተው ሰፊ መደበቂያ ነው ይላል።

«በዚህ ቤት ላስቲክ አይገባም!»

«ዘጠነኛው ትምህርት ላይ አለ። ገጹ ራሱ እንደየስልኩ ይሳባል፣ ይሰበሰባል...»

«አይገባም አልኩ!»

ወደ ስፌቷ ተመለሰች። መመለሷ ግን እሺ ማለቷ አልነበረም። ከሰዓት በኋላ እሱ ክር ሊገዛ ሲወጣ፣ የሸሚዝ ቁልፍ የተለጠፈበት ኮምፒውተር ፊት ተቀመጠች፤ እንደ ሰሞኑ ሁሉ።

ቅዳሜ ርዕሰ መምህርቷ በሰልፉ መሃል እየተሹለከለከች ወጣች። ስልኳን አውጥታ አድራሻውን ከፈተች። ዝርዝሩን ወደ ታች፣ ወደ ላይ ሄደችበት።

«የቱን ልጫን?»

«የእርስዎ ገና አልተለካም» አለ ጋሽ ሜትሬ፣ በትሕትና። «ይስጡኝ። ወርድ ሰባት ከሩብ... ቁመት አሥራ አምስት ተኩል... ለሐሙስ ይደርሳል።»

«ተማሪዎቼ አራት መቶ ሠላሳ ናቸው። ለአራት መቶ ሠላሳ ወላጅ እየለኩ ገጽ ሊሰፉ ነው?»

«ታዲያ አንድ ሱሪ ለአራት መቶ ሠላሳ ሰው ይሆናል?» አለ። ከልቡ ነው የጠየቀው።

ርዕሰ መምህርቷ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። የቦርሳው ዚፕ ሲዘጋ ለጋሽ ሜትሬ ድንኳኑ ታየው፤ አንድ ሜዳ ሙሉ፣ ልክ የሌለው፣ ግራጫ ድንኳን። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ውሸት እንኳን አልመጣለትም። ፈራ።

«እስቲ ተነሥልኝ» አለች ሚስቱ።

ተነሣላት። ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠችና የሆነ ነገር ከፈተች፣ የሆነ ነገር ላከች፣ አንዴ የሸሚዙን ቁልፍ ተጫነች። «አሁን እንደገና ይክፈቱት።»

ርዕሰ መምህርቷ ቦርሳዋን ከፈተች። ዝርዝሩ የለም። ሙሉ ኮት፣ ሙሉ ሰላምታ፣ ከሥሩ የልጅ ልክ መሙያ። በሩ ላይ የቆመው ጫማ ሠሪ በራሱ ስልክ ከፈተ፤ ሙሉ ነው። ባለ ሽፋኗ እናት ሽፋኑን ሳታወልቅ ከፈተች፤ ሙሉ ነው። ደረጃው ላይ «ኧረ ሁለቱም እጅጌ አለ!» የሚል ጫጫታ ወደ ታች ወረደ።

ጋሽ ሜትሬ ወደ ሚስቱ ጎንበስ አለ። «ላስቲክ ነው?»

«ላስቲክ ነው። ወርዱ መቶ ፐርሰንት በሉት ነው የሚለው የቪዲዮው ልጅ።»

ምራቁን ዋጠ። ሃያ ዓመት አብሮ ተዋጠ።

«ግሩም ነው» አለች ርዕሰ መምህርቷ። «ባለፈው ወር ትምህርት ቤቱ ያዘዘው የአንደኛ ክፍል ዩኒፎርምስ?»

ነፍሱ የተመለሰችለት ጋሽ ሜትሬ ዓይኑን በጨው አጥቦ ካውያውን ብድግ አደረገ። «አልቋል እኮ! መተኮስ ብቻ ነው የቀረው።»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ በዚያ ቀን ግን ለማደር ጊዜ አልሰጠም። ርዕሰ መምህርቷ ስልኳን አንዴ ነካ አድርጋ፣ ጮክ ብላ አነበበች፦ «የአንደኛ ክፍል፣ ስልሳ ሁለት ኮት። ጨርቁ ገና አልተቆረጠም። ሰፊው አልቋል ቢልዎ አይመኑት።»

ሁሉም ዓይን ከነላስቲክ ከረጢቱ መደርደሪያው ላይ ወደተጋደመው የጨርቅ ጥቅል ሄደ። ከዚያ ጫማ ሠሪውን ሳቅ አመለጠው፤ ሕንፃው ተከተለ።

«ይሄን ማን ጻፈው?» አለ ጋሽ ሜትሬ፣ ካውያውን እንደያዘ።

«ሥራው የት እንደደረሰ የሚታይበት ይሁን አላሉም?» አለች ሚስቱ። ወደ ቁልፍ ቀዳዳዋ ተመልሳ ነበር።

ርዕሰ መምህርቷ ዓይኗን ጠረገች። «ሌላው ሱቅ ያሳየኝ ገጽ ከዚህ ያምራል። ሁሉንም ነገር ደርሷል ይላል። ሄጄ ሳየው የደረሰ ነገር የለም። ሥራው የእናንተ ነው፤ ግን ከእንግዲህ የምጠይቀው እርስዎን አይደለም፤ ገጹን ነው» አለችና በሰልፉ መሃል ወረደች።

ጋሽ ሜትሬ ካውያውን አስቀመጠ። ጥቅሉን አውርዶ ከረጢቱን ቀደደ፣ ጨርቁን ዘረጋ፣ መቀሱን አነሣ። ደንበኛ ደረጃውን ወርዶ ሳይጨርስ ሥራ ሲጀምር በሠላሳ አንድ ዓመት የመጀመሪያው ነው። ሚስቱ ስልኳን ነካ ነካ አደረገች።

«እየተቆረጠ ነው ይላል!» አለ ጫማ ሠሪው ከበሩ።

ጋሽ ሜትሬ ጥቂት ቆረጠ። ከዚያ ራሱን ሳያነሣ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አንቺ» አለ፣ «እዚያ ላይ መተኮስ ብቻ ነው የቀረው ብለሽ ብታስተካክዪውስ?»

«ሲተኮስ እጽፈዋለሁ» አለች።