ጥላው የሜዲንግ

የሞተር መጋዙ ከአጥር ማዶ ሲያጓራ ሜዲንግ ጎንበስ ብላ ፓኮ የሚባለውን የጓሮ ቅጠል እየቀነጠበች ነበር። የያዘችውን ሰፌድ ላይ ወርውራ፣ ጭቃ የጠጣ ጫማዋን እየጎተተች ወደ አጥሩ ሮጠች። ዛፍ ቆራጩ ደልፊን መጋዙን ሞክሮ አጥፍቶ፣ ሳንቶል በተባለው የፍሬ ዛፍ ግንድ ላይ ገመድ እያሰረ ነው። የዛፉ ባለቤት ኡርባኖ ከሥር ቆሞ ያንጋጥጣል።

"አበልጄ! ምን ልታደርጉ ነው?"

"ልንጥለው ነው" አለ ኡርባኖ፣ ዓይኗን ላለማየት እየሞከረ። "ትናንት ማታ ልነግርሽ ብመጣ መብራትሽ ጠፍቷል። ቀስቅሼ ላስደነግጥሽ አልፈለግኩም።"

ዛፉ የኡርባኖ ነው፤ ጥላው ግን አበልጅ ከሆኑበት ቀን ጀምሮ የሜዲንግ ነው። ፓኮ ደግሞ ያለ ጥላ አይሆንም። ጫፉ እንደ ቀንድ አውጣ ተጠቅልሎ የሚወጣው ይህ ለምግብ የሚሆን ተክል እርጥብ አፈርና ለስለስ ያለ ብርሃን ይወዳል፤ የቀትር ፀሐይ ካገኘው ቅጠሉ ይጠቁርና ያልቃል። ሥሩን ከባናሃው ተራራ ጅረት ዳር በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ ያመጣው ሟቹ ባሏ አማዶ ነበር። "እዚህ አጥሩ ሥር እንትከለው፤ የኡርባኖ ዛፍ ያሳድግልናል" ያለውም እሱ ነው። ዛፉም አላሳፈረውም። አማዶ ካረፈ ወዲህ ሜዲንግ ጠዋት ጠዋት የምትነሳበት ምክንያት ይኸው የፓኮ መደብ ነው ቢባል ውሸት የለበትም።

አሁን ኡርባኖን ብትለምነው እምቢ እንደማይላት ታውቃለች። መለመን ግን ሞት ሆነባት። ዓይኗ ደልፊን ላይ አረፈ። ደልፊን ጡንቻው ይህን ያህል፣ ልቡ ግን የዶሮ ነው። ባለፈው ዓመት ዛፍ ሥር ይኖራሉ የሚባሉትን መናፍስት ሳያስፈቅድ አንድ ትልቅ ዛፍ ቆርጦ፣ አፉ ተጣሞ ስንት ጊዜ ሾርባ ሲመጥ እንደከረመ ሰፈሩ ሁሉ ያወራል።

"ደልፊን፣ ለመሆኑ ሽማግሌውን አስፈቅደሃል?" አለችው።

"የቱን ሽማግሌ?"

"ከዛፉ ሥር የሚኖሩትን ነዋ! አጭሩን፣ ነጭ ጢም ያላቸውን። ትናንት ማታ ሥሩ ላይ ተቀምጠው በዓይኔ በብረቱ አይቻቸዋለሁ። ፊታቸውም ደስ አይልም።"

ደልፊን ገመዱን ለቀቀው። "እኔ የለሁበትም! ጋሼ ኡርባኖ፣ በእናትዎ፣ እኔ ገና ያላገባሁ ሰው ነኝ። አፌ እንደገና ቢጣመም ማን ያየኛል?"

"ድሮስ ማን አየህና" አለው ኡርባኖ። ከዚያ ወደ ሜዲንግ ዞሮ ትክ ብሎ አያት። "እውነት አይተሻል፣ አበልጄ?"

"አይቻለሁ ስልህ!"

ኡርባኖ ራሱን ነቀነቀ። ደልፊን መጋዙን ተሸክሞ መንገድ ማዶ ካለው ሱቅ በረንዳ ላይ ሄዶ ተቀመጠ።

ሜዲንግ ወደ መደቧ ተመለሰች። ዛፉ ቆሟል፣ ጥላውም እንዳለ ነው። ገና ሁለት ቀንበጥ ሳትቀነጥብ የኡርባኖ ልጅ ሚስት ሮወና ጠራቻት።

"እማማ ሜዲንግ! እባክዎ ይህን ልጅ ትንሽ ይያዙልኝ፤ አልጋውን ላዛውር።"

ሜዲንግ በመንገዱ ዞራ ገባች። አራስነቱን ገና ያልጨረሰውን ሕፃን ተቀብላ ቀና ስትል፣ ከሕፃኑ አልጋ በላይ ጣሪያው ተበስቶ በሰማያዊ ሸራ ተሸፍኗል። በሸራው ቀዳዳ የሳንቶሉ የተሰነጠቀ ቅርንጫፍ ይታያል። በአውሎ ነፋሱ ቀን አንድ ቅርንጫፍ መውደቁን ሰምታ ነበር፤ የት እንደወደቀ ግን አልጠየቀችም።

"ወዴት ነው የምታዛውሪው?"

"ወጥ ቤት። ነፋስ በተነሳ ቁጥር ይዤው ወጥ ቤት ነው የማድረው። ዛሬ እንገላገላለን ብዬ ነበር፤ ይኸው ሽማግሌ ተገኘ ተባለ።" ሮወና ሳቅም ምሬትም አለባት። "ምን ይደረጋል፤ እርስዎ ካዩ አይተዋል።"

ሜዲንግ ዓይኗን ለማሸሽ በጓሮ በር ወደ ውጭ አየች። ረጃጅም ቀርከሃ በግድግዳው ተደግፏል፤ አጠገቡ የተጎነጎነ የኮኮናት ቅጠል ተከምሯል።

"ይህ ሁሉ ምንድን ነው? ዶሮ ቤት ልትሠሩ ነው?"

"አልነገሩዎትም እንዴ? የእርስዎ ነው እኮ! አባባ ሰሞኑን ቅጠል ሲጎነጉኑ ጣታቸው ቆሳስሏል። 'ዛፉ ሲወድቅ ፀሐይ ሳይከርር ለአበልጄ ፓኮ ዳስ እጥላለሁ' ብለው። ዛሬ ከሰዓት ሊተክሉልዎ ነበር።"

ሜዲንግ ሕፃኑን ደረቷ ላይ አስጠጋች። እንባዋ መጣ። እንዲህ የሚያስብላት ሰው ከአጥሩ ማዶ እያለ እሷ ሽማግሌ ፈጠረች። እግዜር ይስጥልኝ ማለትም አነሰባት፣ ይቅርታ ማለትም አነሰባት።

ልጁን መልሳ እየበረረች ቤቷ ገባች። የጠዋቱን ፓኮ በፈላ ውሃ ለብ አድርጋ አወጣችው፤ ቲማቲም፣ ቀይ ሽንኩርትና ጨው ውስጥ የቆየ ቅቅል እንቁላል ከተፈችበት፣ ሆምጣጤ ረጨችበት። ያደረገችበት ሳህን ከኡርባኖ ቤት የመጣ ነው። በሁለቱ ቤት መካከል ሳህን ባዶውን ተመልሶ አያውቅም፤ ባለፈው ሳምንት የሳንቶል ማርማላታ ተሞልቶ የመጣላት ነው።

"ደልፊን! መጋዝህን ይዘህ ና!" ብላ ተጣራች።

ደልፊን ከሩቅ ቆመ። ሜዲንግ ሳህኑን ከዛፉ ሥር አስቀምጣ፣ እጇን አጣምራ፣ ጮክ ብላ ተናገረች።

"አባት፣ በይቅርታ፣ አንድ ጊዜ ይስሙኝ። እዚህ ቤት ሕፃን ተወልዷል፤ ቅርንጫፍዎ እንቅልፍ ነሳው። እነዚህ ሰዎች ክፉ አይደሉም። በዓለም ላይ ከነሱ የሚሻል ጎረቤት የለም፤ እኔ ምስክር ነኝ። ከአጥሩ ማዶ የኔ ግቢ አለ፣ ውሃ አለ፣ ፓኮ አለ። ዛሬ ዳስም ይጣልበታል። ቂም ሳይዙ እኔ ጋ ይምጡ፤ አብረን እንኖራለን።"

"እሺ አሉ?" አለ ደልፊን፣ አፉን በመዳፉ ከልሎ።

"እሺ ብለዋል። አንተን ግን ገመዱን ጥሩ አድርገህ እሰር ብለውሃል።"

ደልፊን ደስ እያለው ዛፉ ላይ ወጣ። ኡርባኖ ወደ ሜዲንግ ጠጋ አለ። የጣቶቹ ጫፍ በእርግጥም ተላልጧል።

"አበልጄ" አለችው በዝግታ፣ "ትናንት ማታ እኮ እኔ..."

"አውቃለሁ። መብራትሽ ጠፍቶ ነበር አላልኩሽም?" አለና ሳቀ። "አሁን ግቢሽ በገባን ቁጥር ሽማግሌውን ልናስፈቅድ ነው ማለት ነው?"

"ለአንተስ ፈቅደዋል። እግዜር ይስጥልኝ፣ አበልጄ። ለዳሱም፣ እስከ ዛሬ ለነበረውም ጥላ።"

ኡርባኖ ቀርከሃውን ሊያመጣ ሄደ። ሁለት ሆነው አንዱን ቀርከሃ ተሸክመው በመንገዱ ሊዞሩ ሲሉ ሜዲንግ ቆም አለች። ጫፉን መሬት አስቀምጣ፣ ደልፊን ከዛፉ ሥር የተወውን ገጀራ አነሳችና አጥሩን ያሰረውን ሽቦ ትበጥስ ጀመር።

"ምን ሆነሻል? ነገ ማን ሊያስረው ነው?"

"ማንም አያስረውም" አለች ሜዲንግ፣ የአጥሩን ጣውላ ወደ ጎን እየጎተተች። "ሽማግሌው በዚህ ዕድሜያቸው አጥር ሊዘሉ ነው እንዴ?"