የሚዛን ጠጠሮች

ሽማግሌው በጉልምስናቸው ዘመን ጣሪያ ሠሪ ነበሩ። ገመድ ሳይታሰሩ ቆርቆሮ ላይ ሲራመዱ ያየ ሁሉ «ድመቱ» እያለ ይጠራቸው ነበር፤ ስሙም እስከ እርጅና ተከተላቸው። ታዲያ አንድ ጠዋት አልጋቸው ላይ በቀኝ ጎናቸው ሲገለበጡ ሰማይ ምድሩ ዞረባቸው። መስኮቱ፣ ቁም ሳጥኑ፣ ግድግዳው ተያይዘው ይሽከረከሩ ጀመር። የአልጋውን ጠርዝ ሙጭጭ አድርገው ያዙ፤ አስመለሳቸው። ከዚያ ወዲያ ወደ መጸዳጃ ካልሆነ ከመኝታቸው አልተነሡም።

አብራቸው የምትኖረው ልጃቸው የጤና ኮሌጅ መምህርት ናት። ዓይንና ጆሮ፣ አፍንጫና ምላስ እንዴት እንደተሠሩ ታስተምራለች። ቀኑን ሙሉ ስትናገር ውላ፣ ድምጿ ሰልሎ ቤት ስትገባ የሚጠብቃት በትውከት የቆሸሸ አንሶላ ነው። ወንድሟ ከሩቅ አገር እየደወለ «አይዞሽ» ይላታል፤ አይዞሽ ደግሞ አንሶላ አያጥብም።

ሐኪም ቤት እንሂድ ብትላቸው ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። በሰው ትከሻ ተደግፈው በሰፈር መሀል ከሚታዩ ሞታቸውን ይመርጣሉ። ቀኔ ደርሷል፣ በከንቱ አትልፊ ነበር መልሳቸው። እሷም ድካሙ ሲበረታባት እውነታቸውን ይሆን እንዴ ማለት ጀምራ ነበር።

በመጨረሻ የሆዷን ለአንዲት የጆሮ ሐኪም፣ ለኮሌጁ ባልደረባዋ፣ አጫወተቻት። ሐኪሟ አንደበታቸው ተኮላትፎ፣ እጅ እግራቸው ዝሎ እንደሆነ ጠየቀች። አልሆነም። የሚዞርባቸው ሲገለበጡ ብቻ ነው፤ ጥቂት ቆይቶም ይተዋቸዋል። ሐኪሟ ፈገግ አለች። ውስጠኛው ጆሮ ሚዛን የምንጠብቅባቸው ደቃቅ ጠጠሮች አሉት፤ ከቦታቸው ተላቀው፣ ፈሳሽ ወደሞላባቸው ጠማማ ቦዮች ሲገቡ ጭንቅላት ሳይዞር ዞረ ብለው ያሳስታሉ። መምህርቷ ይህን ለዓመታት ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ስትስል ኖራለች። የአባቷ ጭንቅላት ውስጥም እነዚያው ቦዮች መኖራቸው ግን አንድም ቀን ትዝ ብሏት አያውቅም።

ሐኪሟ ጠጠሮቹ የሚመለሱበትን መንገድ በመምህራን ክፍሉ ሶፋ ላይ አስተኝታ አሳየቻት።

ቤት ገብታ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ አባቷን አልጋው ላይ አስቀመጠቻቸው። ትከሻቸው ሥር ትራስ አደረገች፣ ፊታቸውን ወደ ቀኝ መልሳ በጀርባቸው አስተኛቻቸው። ወዲያው ዓይናቸው ይርገበገብ ጀመር። የእጇን አንጓ ጨምድደው ያዙ።

«ልቀቂኝ፤ እየወደቅሁ ነው» አሉ።

ስንት ጣሪያ የወጡት ሰውዬ ይህን ቃል ሲናገሩ ሰምታቸው አታውቅም። ጭንቅላታቸውን ይበልጥ አጥብቃ ያዘች።

«አይወድቁም አባባ፤ ይዤዎታለሁ። ትንሽ ይታገሡኝ።»

ዓይናቸው እስኪረጋ ጠበቀች። ቀስ ብላ ፊታቸውን ወደ ግራ መለሰች፤ ቀጥላም በግራ ጎናቸው አስተኝታ አገጫቸውን ወደ ፍራሹ አዘነበለች። ማዞሩ እስኪያልፍላቸውም እንዲሁ ያዘቻቸው። በኋላ ደግፋ አስነሣቻቸው።

ሽማግሌው አንገታቸውን እንደ ፈራ ሰው ወደ ቀኝ መለስ አደረጉ። ክፍሉ ከቦታው አልተነቃነቀም። ምን ነክቷቸው እንደነበር ጠየቁ፣ ነገረቻቸው።

«ለጠጠር ነው እንግዲህ ስሰናበት የከረምኩት?» አሉ፤ ሳቅ ብጤ አመለጣቸው።

እሷም ልትስቅ ከንፈሯን አላቀቀች፤ የወጣው ግን ሌላ ነበር።

«ደክሞኛል አባባ።»

ፊቷን አስተውለው አዩት። እግራቸውን ከአልጋው አወረዱ፣ ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ፣ እየተንገዳገዱም ወንበሩ ዘንድ ደረሱ። 

«ነይ ጋደም በይ» አሉ።

ጫማዋን ሳታወልቅ ጋደም አለች። ማዞሩ በዚያው ቀን ጠቅልሎ አልተዋቸውም፤ በማግስቱም መልሳ መላልሳ አስተኝታቸዋለች። ያን ዕለት ግን እንቅልፍ ሳታስበው ወሰዳት። ስትነቃ ጀርባቸውን ወንበሩ ላይ ቀጥ አድርገው፣ ድምፅ ላለማሰማት እየተጠነቀቁ፣ ጠዋት አብስላ የተወችላቸውን ሾርባ በማንኪያ ይጠጡ ነበር።