ባዶው ቁራጭ

በስልሳ አምስት ዓ.ም. ግንቦት ላይ የእህቴ የቀለሟ ልጅ ጃራ፣ ለትምህርት ባሕር ማዶ ሊሻገር ነውና ምርቃት ፈልጎ ከአዲስ አበባ ነቀምቴ መጣ። በእኛ ዘንድ የእናት ወንድም አፉን ካልከፈተ ሌላው ሽማግሌ አይመርቅም። ቤቱን የሞላው ሰው ሁሉ እኔን ይጠብቃል።

ጃራ ሥራው ከኮምፒዩተር ጋር ነው። የወባ ሕሙማን ቁጥር በካርድ እየተበሳ ይገባለታል፤ ማሽኑም መድኃኒት የሚረጨው መኪና ወዴት እንደሚሄድ ያወጣል። ታናሽ እህታችን ድርቤ የምትኖረው አንገር ቆላ ነው። አምና አንድ ልጇን በወባ ቀብራለች።

“የአንገር ተራ መቼ ነው?” አልኩት።

“ዘንድሮ ተራ የለውም፣ ኤሱማ” አለኝ፤ የእናት ወንድም በኦሮምኛ እንዲህ ነው የሚጠራው። “የሕሙማኑ ቁጥር ዜሮ ነው የወጣው።”

“እነድርቤ አገር፣ ዜሮ?”

ሳቀ። እየጠቀለለ እየጎረሰ አስረዳኝ፤ እኔም የማውቀውን ሁሉ ያወቅሁት ሰው ሲያወራ ሰምቼ ነውና አዳመጥኩ። ፕሮግራም ብቻውን አይቆምም። ላይብረሪ ከሚሉት የተዘጋጁ ስሌቶች ማከማቻ የሚያስፈልገውን ቁራጭ በስሙ ይጠራና ይጋጠማል። የቆላውን ሕመምተኛ የሚደምረው ቁራጭ ግን ገና አልተጻፈም ነበር። ማሽኑ የጠራኸው የለም እያለ አልጋጠም አለ። አለቃው ደግሞ ለዓርብ ይድረስ ብሏል።

“ታዲያ ምን አደረግህ?”

“በዚያው ስም ባዶ ቁራጭ ሰጠሁት፤ ምንም ሳይደምር ዜሮ ይመልሳል። ስሙን ካገኘ ውስጡን አይፈትሽም እኮ። ገጠመ።”

“ማሽኑም ዝም አለ?”

“ማስጠንቀቂያ ይጽፍ ነበር። እሱንም ከፊት በሚገባው የትእዛዝ ካርድ አጠፋሁት። አለቃዬ ንጹሕ ወረቀት አየ፣ አጨበጨበልኝ።”

ይህን ብሎ ጉርሻ ዘረጋልኝ። ወጡ በጣቶቹ መሐል ይንጠባጠባል። ጌታ ሆይ አፌን ጠብቅልኝ አልኩ በልቤ፣ ፊቴንም አዞርኩ።

“መጀመሪያ ባዶውን አውጣ። እውነተኛውን ጻፍና አጋጥም። ከዚያ ና።”

“ማን አስገባው ቢሉኝ ትምህርቱ ይቀርብኛል፣ ኤሱማ።”

“ይቅርብህ።”

ቀለሟ “ኧረ በሰው ፊት አታዋርደው” ብላ ለመነችኝ። አልመረቅሁም። እሱም ሳይመረቅ ሄደ።

ሰኔ ሳይጋመስ የመርጫው መኪና ነቀምቴን አቋርጦ ወደ አንገር ወረደ። ጃራም ተከትሎ መጣ።

“እንዳሉኝ አድርጌያለሁ” ብሎ እግሬ ሥር ተንበረከከ። እግዚአብሔርን አመሰገንኩና እጄን ወደ ራሱ ዘረጋሁ።

“ማን አስገባው አላሉህም?”

“አሉኝ እንጂ። ካርድ የምትበሳዋ ደራርቱ ናት አልኳቸው። ምን ትላለች፣ የሚከራከርላትም የላት። በዚያው አሰናበቷት።”

እጄን መለስኩ። በጋቢዬም ጫፍ ጠረግሁት፤ ራሱን እንኳ ገና አልነካሁትም ነበር።